ባለከፍተኛ ጥራት የኬብል ሳጥኖችና መቅጃዎች ከጀርባቸው ሲገመገሙ

ስለ ቴሌቪዥን መቅጃ የሚጻፉ ግምገማዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በስክሪኑ ላይ በሚታየው ነገር ነው፤ የፕሮግራም ዝርዝሩ ለዓይን ይስብ እንደሆነ፣ ሪሞቱ ለእጅ ይመች እንደሆነ፣ ሃርድ ዲስኩ የስንት ሰዓት ቅጂ እንደሚይዝ ይዘረዝራሉ። በአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ደንበኞች ቤት የሚገኙትን ባለከፍተኛ ጥራት፣ በተለምዶ ኤችዲ የሚባሉትን ሳጥኖችና መቅጃዎች በዚህ መንገድ ብቻ መመዘን ግን አይበቃም። የእነዚህ ዕቃዎች ትክክለኛ ዋጋ የሚታወቀው ሳጥኑን አዙሮ ከጀርባው የትኞቹ መሰኪያዎች እንዳሉ በማየት፣ ቀጥሎም በእያንዳንዱ መሰኪያ በኩል ምን እንዲያልፍ እንደተፈቀደ በመጠየቅ ነው፤ ሁለቱንም በአብዛኛው የወሰነው ደግሞ ከአምራቹ መሐንዲስ ይልቅ የፌዴራል ደንብ ነው።

እዚህ የሚገመገሙት ሦስት ዓይነት ዕቃዎች ናቸው፦ ከኬብል ድርጅቱ በወርሃዊ ኪራይ የሚሰጠው ኤችዲ መቅጃ፣ በኬብልካርድ፣ ማለትም የኬብሉን ምስጠራ በሚፈታ ተነቃይ ካርድ፣ የሚሠሩት መቅጃዎች ቲቮ ሲሪስ 3 እና ታናሹ ቲቮ ኤችዲ፣ እንዲሁም የራሱ ሃርድ ዲስክ የሌለውና በቤት ውስጥ ኔትወርክ ላይ የሚሠራው ኤችዲሆምረን ፕራይም። ከኪራዩ ሳጥን በቀር የቀሩት ዛሬ የሚገኙት በሁለተኛ እጅ ነው። በርካሽ ስለሚሸጡም ብዙ ሰው ምን እንደገዛ ሳያውቅ ይዟቸው ይገባል።

የሁሉም መነሻ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በዚህ ሕግ አማካይነት በቀደመው የኮሙኒኬሽን ሕግ ላይ በጨመረው አንቀጽ 629፣ ደንበኞች የኬብል ቴሌቪዥን መቀበያቸውን ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ዝምድና ከሌላቸው አምራቾችና ነጋዴዎች መግዛት የሚችሉበትን ደንብ እንዲያወጣ የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽንን፣ ማለትም ኤፍሲሲን፣ አዘዘ። በስልክ የሆነውም ይኸው ነበር። ኮሚሽኑ በ1968 ካርተርፎን በተባለው ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ በኋላ ደንበኛው ከስልክ ኩባንያው ያልተከራየውን መሣሪያ ከመስመሩ ጋር ለማገናኘት ቻለ፤ ቀስ በቀስም ስልክ እንደ ማንኛውም ዕቃ ከሱቅ የሚገዛ ሆነ። በኬብል ግን ከመስመሩ ጋር መገናኘት ብቻውን የሚፈይደው ጥቂት ነው፤ በገመዱ የሚመጣው ምስል በምስጠራ የተቆለፈ በመሆኑ ቁልፉም አብሮ መሰጠት አለበት። ቁልፉን ከሳጥኑ ነጥሎ የማቅረብ ግዴታ በ1998 ቢደነገግም፣ ኤችዲን በሚመለከት ቁርጥ ያለ ስምምነት የተገኘው የኬብል ድርጅቶችና የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች በዲሴምበር 2002 ከተፈራረሙ በኋላ ነው። ኮሚሽኑ ይህንን ስምምነት መሠረት አድርጎ በሴፕቴምበር 2003 ያጸደቀው ትእዛዝ ነው ሳጥኖቹን ዛሬ የምናውቀውን ጀርባ የሰጣቸው።

ከኪራዩ መቅጃ እንጀምር። ትእዛዙ በሁለት ደረጃ የሚፈጸም ነበር። ከኤፕሪል 1 ቀን 2004 ጀምሮ ኤችዲ ሳጥን የተከራየ ማንኛውም ደንበኛ ከጠየቀ፣ ድርጅቱ በአግባቡ የሚሠራ የአይትሪፕልኢ 1394 መሰኪያ ያለው ሳጥን እንዲሰጠው ወይም ያለውን እንዲያሻሽልለት ይገደድ ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2005 ጀምሮ ደግሞ ድርጅቶች ለደንበኛ ለማከፋፈል የሚገዟቸው ኤችዲ ሳጥኖች በሙሉ 1394 እና ከእርሱ ጋር ለስክሪን ምስል የሚያወጣ ዲቪአይ ወይም ኤችዲኤምአይ እንዲኖራቸው ተደነገገ። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተመረተ ሳጥን ሲገላበጥ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም ካላቸው የአናሎግ ኮምፖነንት መሰኪያዎች አጠገብ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ የፋየርዋየር ቀዳዳዎችና አንድ ኤችዲኤምአይ ይታያል። ፋየርዋየር የዚሁ የ1394 መስፈርት የገበያ ስም ነው፤ ሶኒ አይሊንክ ይለዋል።

ከሦስቱ መሰኪያዎች ለመቅጃ የተፈጠረው ፋየርዋየር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱን ለመረዳት ቁጥሮቹን ማየት ያስፈልጋል። በአየር የሚሰራጭ አንድ የአሜሪካ ዲጂታል ጣቢያ በሰከንድ 19.39 ሜጋቢት የታመቀ የኤምፔግ-2 መረጃ ይልካል። ፋየርዋየር በሰከንድ እስከ 400 ሜጋቢት ስለሚያሳልፍ ይህንኑ መረጃ አንዲት ቢት ሳይነካ፣ ከጣቢያው እንደመጣ፣ ወደ ሌላ መሣሪያ ያስተላልፋል። ተቀባዩ መቅጃ መጭመቂያ አያስፈልገውም፤ የሚደርሰውን ወደ ዲስክ መጻፍ ብቻ ነው፤ አንድ ሰዓትም ከ9 ጊጋባይት በታች ቦታ ይይዛል። በኤችዲኤምአይ የሚወጣው ግን ተፈትቶና ተዘርግቶ ለስክሪን የተዘጋጀ ምስል ነው። ከኤችዲ የምስል ዓይነቶች አንዱ የሆነው 1080አይ ሳይታመቅ በሰከንድ ወደ 1.5 ጊጋቢት ይጠጋል፤ ይህንን እንዳለ አስቀምጣለሁ የሚል ሰው ለአንድ ሰዓት ፕሮግራም ከ600 ጊጋባይት በላይ ዲስክ ማዘጋጀት አለበት፤ አለዚያም እንደገና የሚያምቅና ጥራቱን የሚቀንስ መሣሪያ መሐል ላይ ማስገባት ይኖርበታል። በተጨማሪም ፋየርዋየር በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚነጋገር፣ መቅጃው በዚያው ገመድ ሳጥኑን «ጣቢያ ቀይር» ብሎ ሊያዘው ይችላል። ይህ መንገድ በሌለበት ጊዜ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ የሪሞት ምልክት የምታስመስል ትንሽ የኢንፍራሬድ አምፖል በሳጥኑ ፊት ላይ መለጠፍ ነበር፤ አምፖሏ ከቦታዋ ትንሽ ከተንሸራተተች የሚቀዳው የሌላ ጣቢያ ፕሮግራም ነው።

በተግባርም ሠርቷል። የጄቪሲ ዲ-ቪኤችኤስ የካሴት መቅጃዎች በፋየርዋየር የመጣውን የኤችዲ መረጃ በሰከንድ እስከ 28.2 ሜጋቢት በካሴት ላይ ይጽፉ ነበር፤ የአፕል ኮምፒውተር ያላቸውም አፕል ለፕሮግራም አዘጋጆች በሚሰጠው የመሥሪያ ጥቅል ውስጥ በነበረ ቀላል መተግበሪያ ከሳጥኑ በቀጥታ ይቀዱ ነበር። ለአንድ የኪራይ ሳጥን ይህ ትልቅ ብቃት ነው፤ የተከራየሁትን ሳጥን ሳልፈታ፣ ቅጂውን የራሴ በሆነ ዲስክ ላይ፣ በሙሉ ጥራቱ ማስቀመጥ ማለት ነው። ሳጥኑ ለድርጅቱ ሲመለስ የሃርድ ዲስኩ ቅጂዎች አብረውት ይሄዳሉ፤ በፋየርዋየር የወጡት ግን ይቀራሉ።

ችግሩ ደንቡ መሰኪያውን ማዘዙ እንጂ ከመሰኪያው ጀርባ ያለውን ፍላጎት ማዘዝ አለመቻሉ ነው። «በአግባቡ የሚሠራ» የሚለው የደንቡ ቃል በወረቀት ላይ ግልጽ ቢሆንም፣ እኔ ተከራይቼ በነበረው ሳጥን ላይ መሰኪያው ቀዳዳ ብቻ ነበር፤ ሶፍትዌሩ አልተከፈተም። በስልክ የሚያነጋግረው ሠራተኛም የጥያቄውን ይዘት ባለመረዳቱ ስለ ኢንተርኔት ገመድ ያስረዳኝ ነበር። ሠራተኛውን መውቀስ አይገባም፤ ድርጅቱ ደንቡን ለዕቃ ግዢ ክፍሉ እንጂ ለደንበኛ አገልግሎት ክፍሉ አላስተማረም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ግን መሰኪያው ሲሠራም እንኳ የሚያልፈው ነገር በአንዲት ባይት መወሰኑ ነው።

ይህች ባይት የቅጂ መቆጣጠሪያ ምልክት ናት። ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ጋር ትላካለች፤ የምትለውም ከሦስት ነገሮች አንዱን ነው፦ እንደ ልብ ይቀዳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀዳ፣ ወይም ፈጽሞ አይቀዳ። «እንደ ልብ» የተባለው ፕሮግራም በፋየርዋየር ያለ ቁልፍ ይወጣል፤ ማንኛውም ኮምፒውተር ይቀበለዋል። ሌሎቹ ግን ሂታቺ፣ ኢንቴል፣ ማትሱሺታ፣ ሶኒና ቶሺባ በጋራ ባዘጋጁት፣ አምስቱን ኩባንያዎች በመቁጠር ፋይቭ-ሲ በሚባለው የዲቲሲፒ ምስጠራ ተቆልፈው ይወጣሉ፤ የዚህ ፈቃድ የሌለው ተቀባይ፣ ኮምፒውተርን ጨምሮ፣ ባዶ ስክሪን ያያል። የ2003ቱ ትእዛዝ ለዚህም ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። በአየር የሚሰራጩት ጣቢያዎች በቅጂ ሊገደቡ አይችሉም ነበር፤ በወርሃዊ ክፍያ የሚታዩት ጣቢያዎች ቢያንስ አንድ ትውልድ ቅጂ መፍቀድ ነበረባቸው፤ ፈጽሞ አይቀዳም ማለት የሚቻለው በተናጠል ተከፍሎባቸው ለሚታዩትና በተጠየቁ ጊዜ ለሚቀርቡት ፕሮግራሞች ነበር። ሚዛኑ ለተመልካቹ ክፉ አልነበረም። ግን ደንቡ ጣሪያ እንጂ ወለል ስላልነበረ፣ ድርጅቱ በጣሪያው ልክ መቆም መብቱ ነበር፤ አንዳንዱ ድርጅት ከአየር ጣቢያዎች በስተቀር ሁሉን «አንድ ጊዜ ብቻ» ሲል፣ ሌላው አብዛኛውን ክፍት ይተዋል። ሁለት ጎረቤታሞች ከተሞች፣ አንድ ዓይነት ሳጥን፣ አንድ ዓይነት ጣቢያ፣ ነገር ግን ሁለት የተለያየ ውጤት። የሳጥኑን ማስታወቂያ ብቻ አንብቦ ይህንን ማወቅ አይቻልም።

ስለ ኤችዲኤምአይ የምለው አጭር ነው። በዲሴምበር 2002 የመጀመሪያው መስፈርት የወጣለት ይህ መሰኪያ ለማየት ከሁሉም ይሻላል፤ ድምፅና ምስልን በአንድ ገመድ ያመጣል፤ የቀደመው ዲቪአይ ግን ለድምፅ ሌላ ገመድ ይፈልግ ነበር። ሳጥኑና ቴሌቪዥኑ ኤችዲሲፒ በተባለው ምስጠራ ሳይተዋወቁ ምስል አይከፈትም፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቴሌቪዥኖችም በዚህ ምክንያት አልፎ አልፎ ጥቁር ስክሪን ያሳዩ ነበር። የኤችዲሲፒ ዋና ቁልፍ በሴፕቴምበር 2010 በኢንተርኔት ወጥቶ ኢንቴልም ትክክለኛ መሆኑን ቢያረጋግጥም፣ ለተራው ተመልካች የለወጠው ነገር የለም። ለቅጂ ኤችዲኤምአይ የተዘጋ በር ነው፤ የተሠራውም እንዲያ እንዲሆን ነው። ደንቡ ሁለቱን መሰኪያዎች ጎን ለጎን ሲያዝ እኩል ያደረጋቸው ቢመስልም፣ ቴሌቪዥን አምራቾች ኤችዲኤምአይን በየሞዴሉ ሲያስገቡ ፋየርዋየርን ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሞከሩት። ያለ ተቀባይ የቀረ መሰኪያ ደግሞ በሕግም አይድንም።

የተረሳው የአናሎግ ኮምፖነንት መሰኪያ ነው በመጨረሻ የብዙዎች መውጫ የሆነው። ምስጠራ ስለሌለው፣ ሆፓጅ የተባለው አምራች በ2008 ያወጣው ኤችዲ ፒቪአር የተባለ መሣሪያ ከሦስቱ ባለቀለም ገመዶች የመጣውን ምስል ኤች264 በተባለው የማመቂያ ዘዴ እንደገና እያመቀ ለኮምፒውተር ይሰጥ ነበር። ጥራቱ ከፋየርዋየሩ ቢያንስም ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። የፊልም ኩባንያዎች ይህ ቀዳዳ እንደማያስደስታቸው ግልጽ ነበርና፣ ኮሚሽኑ በሜይ 2010 ፊልሞች በዲስክ ከመውጣታቸው በፊት በኬብል ሲቀርቡ፣ ለእነዚያ ፊልሞች ብቻና ለተወሰነ ጊዜ፣ የአናሎግ መውጫዎችን ከርቀት እንዲያዘጉ ፈቀደ።

ወደ ቲቮ ስንመጣ ጥያቄው ይገለበጣል። በኪራዩ ሳጥን ጥያቄው ምስሉን እንዴት አወጣዋለሁ የሚል ነው፤ በቲቮ ግን ሳጥኑ ራሱ የደንበኛው ስለሆነ ጥያቄው ቁልፉን እንዴት አስገባዋለሁ የሚል ይሆናል። መልሱ ኬብልካርድ ነው፤ የድሮ ላፕቶፖች ይቀበሉት የነበረው የፒሲ ካርድ መጠንና ቅርጽ ያለው፣ ድርጅቱ የሚያከራየው፣ በውስጡ የምስጠራ መፍቻ የያዘ ካርድ። የመጀመሪያው ኤስ-ካርድ በአንድ ጊዜ የሚፈታው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፤ በኋላ የመጣው ኤም-ካርድ በአንድ ጊዜ ብዙ ጣቢያ ይፈታል።

ቲቮ ሲሪስ 3 በሴፕቴምበር 2006 በ800 ዶላር ገደማ ሲወጣ፣ ሁለት የኬብልካርድ ማስገቢያ፣ 250 ጊጋባይት ዲስክ፣ ኤችዲኤምአይ፣ ኮምፖነንት፣ ኢተርኔትና ለውጭ ዲስክ የሚሆን የኢሳታ መሰኪያ ነበረው። ፋየርዋየር የለውም፤ 1394ን የሚያስገድደው ድንጋጌ የሚመለከተው ድርጅቶች የሚያከራዩትን ሳጥን እንጂ በሱቅ የሚሸጠውን አልነበረምና። ዋጋው ለዘመኑም ከባድ ነበር፤ በዚያ ላይ የፕሮግራም ዝርዝሩ የሚመጣበት የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ቲቮ ኤችዲ በ300 ዶላር፣ በ160 ጊጋባይት ዲስክና 20 ሰዓት ገደማ በሚሆን የኤችዲ ቅጂ፣ ከታላቁ የሚያንሰው በዲስክ መጠንና ፊቱ ላይ ባለው ማሳያ እንጂ በሥራ አልነበረም። እንዲያውም አንድ ብልጫ አለው፤ አንድ ኤም-ካርድ ሁለቱንም ቲዩነሮች፣ ማለትም የጣቢያ መቀበያዎች፣ ሲያስችለው፣ ሲሪስ 3 ግን ኤም-ካርድ ቢሰጠውም እንደ ኤስ-ካርድ ስለሚቆጥረው ሁለት ካርድና የሁለት ካርድ ኪራይ ይጠይቃል። በሁለተኛ እጅ ሲገዙ ይህንን ማስታወስ ይገባል፤ ሻጩ «ዋናው ሞዴል» እያለ ሲሪስ 3ን ቢያወድስም ለኬብል ተጠቃሚ የሚሻለው ቲቮ ኤችዲ ነው።

የቅጂው ጥራት ላይ ቅሬታ የለኝም። ቲቮዎቹ የሚመጣውን የታመቀ መረጃ እንዳለ ወደ ዲስክ ስለሚጽፉ፣ ፋየርዋየር ለኪራዩ ሳጥን ያደረገውን ጥቅም እነርሱ በውስጣቸው ያገኙታል፤ በምስሉ ላይ ከቀጥታ ስርጭቱ የሚለይ ነገር አይታይም። ከአንቴና የሚመጣውንም የሚቀበሉ ቲዩነሮች አሏቸው፤ የአካባቢ ጣቢያዎችን ያለ ካርድ ይቀዳሉ። ያቺ ባይት ግን እዚህም ተከትላ መጥታለች። «አንድ ጊዜ ብቻ» የተባለ ፕሮግራም በቲቮው ላይ ሲቀዳ አንዱ ጊዜ አልቋል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ወደ ኮምፒውተር ወይም በሌላ ክፍል ወዳለ ሌላ ቲቮ ማዛወር አይቻልም። የራስህን ቅጂ፣ በራስህ ሳጥን፣ በራስህ ቤት፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ክፍል ማሻገር መከልከል ከፍትሕ አንጻር ብዙ የሚያነጋግር ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 የሰጠው፣ በሶኒ የቪዲዮ ካሴት መቅጃ ስም የቤታማክስ የሚባለው ፍርድ በቤት ውስጥ ለኋላ እይታ መቅዳትን ሕጋዊ ያደረገ ቢሆንም፣ ቴክኒኩ የሚያግደውን ነገር እንዲከፍት አምራቹን የሚያስገድድ ግን አልነበረም።

ካርዱን ማስገባት በሐሳብ ደረጃ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ካርዱ ይሰካል፣ በስክሪኑ ላይ የሚታዩት የካርዱና የሳጥኑ ቁጥሮች ለድርጅቱ ይነገራሉ፣ ድርጅቱም ሁለቱን በሲስተሙ ያጣምራቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ብዙ ድርጅቶች ለዚህች ሥራ ባለሙያ መላክን ግዴታ አድርገው ያስከፍሉበት ነበር፤ የሚመጣውም ባለሙያ ካርዱን ከዚያ በፊት አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችል ነበር። ኮሚሽኑ በኦክቶበር 2010 ባወጣው ማሻሻያ ደንበኛው ካርዱን ራሱ እንዲያስገባ እንዲፈቀድለት፣ የካርዱ ዋጋ በግልጽ እንዲነገረውና የራሱን ሳጥን የሚያመጣ ደንበኛ በጥቅሉ ውስጥ የተካተተው የሳጥን ኪራይ እንዲቀነስለት አዘዘ። ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም ከሁሉም ደንቦች ለተራው ደንበኛ በቀጥታ የተሰማው ይኸኛው ይመስለኛል።

ሌላው ጉድለት በካርድ የሚሠራው ሳጥን ግንኙነቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው። ሳጥኑ ይቀበላል እንጂ ለድርጅቱ መልስ አይልክም፤ ስለዚህ በጥያቄ የሚቀርቡ ፊልሞችን አያገኝም። ይህ ብቻ ቢሆን ይታለፍ ነበር። ድርጅቶቹ ግን የገመዱን ቦታ ለመቆጠብ፣ ጥቂት ሰው የሚያያቸውን ጣቢያዎች አንድ ደንበኛ ሲጠይቃቸው ብቻ የሚልኩበትን ዘዴ ማስፋፋት ሲጀምሩ፣ መጠየቅ የማይችለው ቲቮ እነዚያን ጣቢያዎች አጣ። መፍትሔ ተብሎ የመጣው በዩኤስቢ የሚገናኝ፣ ስለ ቲቮው ጥያቄውን የሚልክ ሌላ ትንሽ ሳጥን ነው። ድርጅቶቹ በነፃ ይሰጡት ነበር፤ ነገር ግን ከኪራይ ሳጥን ለመገላገል 300 ዶላር የከፈለ ሰው ከጎኑ ሌላ የድርጅት ሳጥን፣ ሌላ የኤሌክትሪክ ሶኬትና ሌላ እየደረቀ ሥራ የሚያቆም ነገር ተጨመረለት።

በዚህ መሐል ከሁሉም ደንቦች ብልህ ነበር የምለው ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ የጸናው ነው። ድርጅቶቹ አዲስ የሚያከራዩት ሳጥን ውስጥም ምስጠራ መፍቻውን ነጥለው እንዲያስገቡ፣ ማለትም የራሳቸው ሳጥን እንደ ቲቮው ኬብልካርድ እንዲጠቀም ተገደዱ። ከዚያ በኋላ የተሠራ የኪራይ ሳጥን ሲገላበጥ ካርዱ የገባበት ክዳን ይታያል። ዓላማው ካርዱ ሲበላሽ ጉዳቱ ለድርጅቱም እንዲደርስ ነበር። ድርጅቶቹ ለደንበኛው ጥቅም የሌለው ወጪ ነው እያሉ በፍርድ ቤትም በኮንግረስም ተከራከሩ፤ ቁጥሩ ለእነርሱ ይመሰክር ነበር፣ በሱቅ በተሸጡ መሣሪያዎች ውስጥ የገቡት ካርዶች 600 ሺህ ገደማ ሲሆኑ በኪራይ ሳጥኖች ውስጥ ያሉት ከ50 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ኮንግረስ በ2014 ባወጣው ሕግ ግዴታውን በዲሴምበር 2015 እንዲያበቃ አደረገ።

ስለ ሦስተኛው ዕቃ ብዙ የሚባል የለም። ኤችዲሆምረን ፕራይም በአንድ ኤም-ካርድ ሦስት ጣቢያ እየፈታ በኢተርኔት ለቤቱ ኮምፒውተሮች ያድላል፤ በንድፍ ደረጃ ከሦስቱ እጅግ የተጣራው እርሱ ነው። «እንደ ልብ ይቀዳ» የተባለውን ጣቢያ ማንኛውም ፕሮግራም ይቀዳለታል። «አንድ ጊዜ ብቻ» የተባለውን ለመቅዳት ግን የተመሰከረለት ሶፍትዌር የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሚዲያ ሴንተር ነበር፤ ማይክሮሶፍት በ2015 ዊንዶውስ 10ን ያለ ሚዲያ ሴንተር ሲያወጣ ዕቃው ሳይበላሽ የዕቃው ግማሽ ጥቅም ጠፋ።

ከደንቡ ግንብ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ወድቀዋል። በ2010 ማሻሻያ 1394 ብቻ መሆኑ ቀርቶ ድርጅቶቹ ኢተርኔትን፣ ዋይፋይን ወይም ዩኤስቢ 3.0ን እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው፤ ፋየርዋየርም ከአዳዲሶቹ ሳጥኖች ጀርባ ጠፋ። በኦክቶበር 2012 ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆኑ ድርጅቶች መሠረታዊውን የጣቢያ ጥቅል ጭምር እንዲመሰጥሩ ተፈቀደ፤ ያለ ሳጥን ገመዱን ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ የአካባቢ ጣቢያዎችን ማየት በዚያ አበቃ። በጃንዋሪ 2013 የዋሽንግተን ዲሲ የይግባኝ ፍርድ ቤት የሳተላይት ቴሌቪዥን ኩባንያው ኢኮስታር ባቀረበው አቤቱታ የ2003ቱን ትእዛዝ ሻረው፤ ለቅጂ ምልክቱ የተቀመጠው ጣሪያም አብሮ ሄደ። በ2015 ሴናተሮች ማርኪና ብሉሜንታል ባሰባሰቡት መረጃ መሠረት አንድ ቤተሰብ ለሳጥን ኪራይ በአማካይ በዓመት 231 ዶላር ይከፍል እንደነበር ሲታወቅ፣ የወቅቱ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ቶም ዊለር በ2016 ካርዱን በሶፍትዌር የሚተካ ሐሳብ ይዘው ቀርበው ነበር፤ በሴፕቴምበር መጨረሻ ሊሰጥበት የነበረው ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ። በሴፕቴምበር 2020 ኮሚሽኑ ድርጅቶች ለኬብልካርድ ደንበኞች ስለሚሰጡት ድጋፍ የወጡትን ዝርዝር ደንቦች ሰረዘ።

እንግዲህ ዛሬ የሚገዛ ሰው ምን ያድርግ? የኪራዩ መቅጃ ለማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ያለ ጣጣ ይሠራል፤ ለማስቀመጥ ለሚፈልግ ግን በጀርባው የቀረለት ነገር ጥቂት ነው፤ ከ2005 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የተሠራ፣ ፋየርዋየሩ የተከፈተ ሳጥን በእጁ ያለ ሰው ድርጅቱ «ላሻሽልልህ» ሲለው ቢያመነታ አልፈርድበትም። ኤችዲሆምረን ፕራይምን የምመክረው ድርጅቱ አብዛኛውን ጣቢያ በቅጂ ካልገደበ ብቻ ነው። ቲቮ ኤችዲ በመካከላቸው የቆመ፣ ቅጂውን ከሳጥኑ የማያስወጣ ነገር ግን በሳጥኑ ውስጥ በክብር የሚያኖር ዕቃ ነው።

ቲቮውን ከመግዛት በፊት ድርጅቱን ሦስት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ለአዲስ ደንበኛ ኬብልካርድ አሁንም ይሰጥ እንደሆነ፣ የወር ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ የትኞቹ ጣቢያዎች «አንድ ጊዜ ብቻ» ተብለው እንደሚላኩ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልስ ይገኛል። ሦስተኛውን ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ አያውቀውም፤ የሚታወቀው ካርዱ ገብቶ በቲቮው የካርድ መመርመሪያ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ጣቢያ ምልክት ሲነበብ ነው። ስለዚህ ዕቃውን በቅናሽ ከሚሸጥ ይልቅ መልሶ ከሚቀበል ሻጭ መግዛት ያዋጣል።